የማይዘፍነው ብርጭቆ

«ከዚህ እስከ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲትም አልፎ እስከ ጎንደር ፒያሳ ድረስ፣ ብርጭቆን በድምፁ የሚለይ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና ይግጠመኝ!» አለች እሌኒ፣ አልጋው ሥር ተንበርክካ የቆርቆሮውን ሻንጣ እየጎተተች። እሽ ልግጠምሽ የሚላት አልነበረም። እናቷ እናትዓለም ጓዳ ሆና ዳቦ ቆሎ ትቆላለች፤ አጎቷ ደሞዝ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ደግሞ ሌሊቱን በታንኳ ሲቀዝፉ አድረው ማለዳ ከዘጌ ደርሰው፣ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። የቀረበላቸውን ቁርስ ዝንብ ወርሶታል። ወሩ ኅዳር ነው፤ በዘጌ ቡና የሚለቀምበት። በኅዳር ቡናውን ጥሎ ከተማ የሚመጣ የዘጌ ሰው እሌኒ ከተወለደች አላየችም። «ምነው ጋሼ፣ ዘንድሮ ቡናው ራሱን በራሱ ይለቅማል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ዋጋውን ልይ ብዬ ነው» አሉ። ዋጋ ለማየት ሌሊቱን ሙሉ የሚቀዝፍ ሰው! ለነገሩ የእሷም የዛሬ ሥራ ዋጋ ስለሆነ፣ ብዙ አልተመራመረችበትም።

ሻንጣው ተከፈተ። ስድስት ናቸው፤ እግራቸው ረጅም፣ ወገባቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው ዙሪያውን በኮከብና በቅጠል የተቀረጸ የወይን ጠጅ ብርጭቆዎች፣ እያንዳንዳቸው በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ የአንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሾፌር ነበር፤ ሰውዬው አብዮቱ ሲመጣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ሌላውን ሁሉ ሸጦ እነዚህን ብቻ ለሾፌሩ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ወይን ጠጅ የጠጣባቸው ሰው የለም፤ ወይን ጠጁስ ከየት መጥቶ! አባቷ ግን በየዓመት በዓሉ ያወጣቸውና አጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድራቸዋል፤ ጣሊያኑ ያሳየውንም ለልጁ ያሳያታል። እውነተኛ ክሪስታል ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ቅርፁን ስትዳስሺው ጠርዙ ጣትሽን ነከስ ያደርጋል፤ በሻጋታ ተጨምቆ የወጣው ተራ ብርጭቆ ግን እንደ ተላሰ ከረሜላ ልሙጥ ነው፣ ጎኑም ላይ እንደ ስፌት ያለ መስመር አለው። ወደ ፀሐይ ብታዞሪው ቀስተ ደመና ይረጫል። እግሩን ይዘሽ በጥፍርሽ ብትመቺው እንደ ደወል ይጮሃል፤ ጣትሽን አርሰሽ ከንፈሩን ቀስ ብለሽ ብታዞሪበት ደግሞ ይዘፍናል። እሌኒ ከትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ብትቀርም ይህን ትምህርት አልረሳችም፤ እንዲያውም አስፋፋችው። ሰው ቤት ተጠርታ ብርጭቆ ሳትመታ አትመለስም። አምና ጎረቤት ክርስትና ተጠርተው የባለቤቲቱን መመኪያ ብርጭቆ በጥፍሯ ቀጭ አድርጋ «ይሄማ የሻይ ብርጭቆ ዘመድ ነው!» ብትል፣ እናቷ ጭኗን ቆንጥጣ ቤት እስኪገቡ አልለቀቀቻትም።

አምስቱን ተራ በተራ መታቻቸው፤ አምስቱም ጮኹ። ስድስተኛውን አልመታችውም፤ ፈገግ ብላ አየችው ብቻ። የስድስተኛው ስም «አምባቸው» ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ነች። ወንድሟ አምባቸው ልጅ ሳለ አንዱን ብርጭቆ ሰብሮ፣ አድጎ ፋብሪካ ሲቀጠር በመጀመሪያው ደሞዙ ጎንደር ድረስ ሄዶ አምሳያውን ፈልጎ አመጣ። በዓይን ሲያዩት ቁርጥ እነሱን ነው፤ ሲመቱት ግን እንደ ጣውላ «ጧ» ብሎ ያልፋል። ተራ ብርጭቆ። «አየህ፣ አንተኑ ነው የሚመስለው፤ ቢመቱት አይናገር!» አለችው ያን ቀን። እውነቷን ነው፤ አምባቸው ዝምተኛ ነው። ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። ያን ቀንም ትከሻው ተነቃነቀ፤ ብርጭቆውም ስሙን ይዞ ቀረ።

አምባቸውን ባለፈው ዓመት ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ከሁለት ሳምንት በፊት በጭነት መኪና የሚያልፍ አንድ ወታደር ቤታቸውን አጠያይቆ መጥቶ «እግሩን ተመትቶ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል፤ ይድናል፤ ግን መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚገዛው፣ አስታማሚም የለው» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትዓለም አረፍ ብላ ስትቀመጥ ያያት የለም። የይለፍ ወረቀት ስትለምን ሰንብታ ትናንት አገኘች፤ ነገ ማለዳ በጎንደር አውቶቡስ ትሄዳለች። በሶው ተፈጭቷል፣ ቋንጣው ደርቋል፣ ማሩ በጠርሙስ ተከድኗል። የጎደለው የመድኃኒቱ ገንዘብ ነው፤ እሱም እነሆ በዚህ የቆርቆሮ ሻንጣ ውስጥ ነው።

«እናትዓለም» አሉ አጎቷ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ከባርኔጣው ሳያነሱ። «ብርጭቆውን ባትሸጭውስ? ምን አስቸኮለሽ? ይቆይ።»

እናቷ ማማሰያውን እንደያዘች ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው? ልጄ በሰው አገር ተኝቶ እኔ ብርጭቆ ልቀፍ?»

«ጉዞውንም ቢሆን... አንድ ሁለት ቀን ብታቆዪው።»

«ይለፉ የነገ ነው። ቀኑ ካለፈበት ሌላ ማን ይሰጠኛል? ይልቅ እርስዎም ከመጡ አይቀር አብረን እንሂድ። ሲያይዎት ደስ ይለዋል፤ ከልጅነቱ ከእርስዎ ሌላ ማንን ይወዳል!»

አጎቷ ተነስተው ወጡና ከግቢው በርሜል ውሃ ጨልፈው ፊታቸውን ታጠቡ። ማለዳ ሲደርሱም ታጥበው ነበር። እናትዓለም በሩ ላይ ቆማ ጀርባቸውን ትንሽ አየችና «ሌሊት መቅዘፉ ነው፤ ዕድሜ መጣ እኮ» ብላ ወደ ዳቦ ቆሎዋ ተመለሰች። ቤቱ ውስጥ የዳቦ ቆሎው መንኳኳት ብቻ ቀረ። እሌኒ ይህን ዓይነት ዝምታ አትወድም፤ ዝም ያለ ነገር ባየች ቁጥር በጥፍሯ መታ መታ ልታደርገው ያምራታል። ብርጭቆዎቹን በእናቷ አሮጌ ነጠላ እያጣጠፈች ዘንቢል ውስጥ ደረደረቻቸውና ወጣች።

በልቧ ዋጋ ቆርጣለች። ሁለት መቶ አርባ ብር ብላ ትጠራለች፤ ገዢው ይጮሃል፤ እሷም ትጮሃለች፤ ገዢው ይሄዳል፤ ትጠራዋለች፤ መቶ ሃምሳ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ በታች የሚያወርዳት ገና አልተወለደም። ይህን እያሰላሰለች ከግቢው ስትወጣ የእድሩ ዳኛ አቶ አዘዘ ደጃቸው ላይ ድንኳኑን አስዘርግተው ፀሐይ ያስመቱታል፤ አግዳሚ ወንበሮቹም ከዕቃ ቤት ወጥተው አጥሩን ተደግፈዋል። ከዘመን መለወጫ ወዲህ በሰፈሩ ሰው አልሞተም።

«ጋሽ አዘዘ፣ ድንኳኑን ምነው አወጣችሁት? ደግሞ ማን ሊሞትብን ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን «ምላስሽ ይታሰር አንቺ!» ብለው በከዘራቸው ባባረሯት ነበር። ዛሬ እጃቸውን ድንኳኑ ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩዋትና «ብል እንዳይበላው ነው፣ ልጄ» አሉ። ልጄ! እሌኒ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በእኒህ ሰው አፍ ያልተጠራችበት ስም የለም፤ ሰይጣን ተብላለች፣ እሾህ ተብላለች፤ ልጄ ግን ተብላ አታውቅም። «አሟቸዋል» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

መጀመሪያ የሄደችው ገበያው ዳር ወዳለው ወደ ክንዱ ሱቅ ነው። ክንዱ የማይገዛውና የማይሸጠው የለም፤ ያገለገለ ራዲዮ፣ የተጣመመ ትሪ፣ የሟች ኮት፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ ካልሲ፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። እሌኒ አንዱን ብርጭቆ አውጥታ እግሩን በሁለት ጣቷ ያዘችና መታችው። ድምፁ ተነስቶ ሱቁን ዞረ፣ ጣሪያው ሥር ጥቂት ቆየና ጠፋ። ክንዱ ጆሮውን አከከ።

«ይሄ ለምን ይሆናል? ለጠላ ያንሳል፣ ለአረቄ ይበዛል።»

«የወይን ጠጅ ነው፣ ክንዱ! ክሪስታል ነው! ድምፁን ስማው እስቲ!»

«ሰው ከእኔ ብርጭቆ የሚገዛው ሊጠጣበት ነው እንጂ ሊዘፍንበት ነው? ሃምሳ ብር፤ ለስድስቱም። እሱንም አባትሽን ስለማውቅ ነው።»

«ሃምሳ ብር የአንዱን እግር አይገዛም!»

«እንግዲያ እግሩን ለራስሽ አስቀሪና ሆዱን ሽጪልኝ» አለ ክንዱ፣ ዞር ብሎ የራዲዮኖቹን አቧራ እየጠረገ። እሌኒ የክንዱን ጆሮ፣ የክንዱን ሱቅና የክንዱን ዘር አንድ በአንድ ሰድባ ዘንቢሏን አነሳች። ቅር አላላትም፤ ገበያ እንዲህ ነው። የምትሰደቢበትና የምትሰድቢበት ገበያ ጤነኛ ገበያ ነው። ለሚያውቅ ሰው መሸጥ እንዳለባት ግን ተረዳች፤ ለሚያውቅ ሰው ማለት ደግሞ በዚህ ከተማ ወይዘሮ ሰገነት ናቸው።

ወደ ሐይቁ ዳር የሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዘንባባዎቹ ሥር ብስክሌቶች ይተላለፋሉ። አደባባዩ ላይ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው ቀይ ጨርቅ አንድ ጫፉ ተበጥሶ በነፋሱ ስለታጠፈ የሚነበበው «ሁሉም ነገር» የሚለው ብቻ ነው። እሌኒ ዘንቢሉን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ብስክሌት በተጠጋት ቁጥር እየተሳደበች አለፈች። የወይዘሮ ሰገነትን በር የከፈተችላት አደይ ነች፤ የቤቱ ሠራተኛ፣ ከሰባታሚት የመጣች፣ የእሌኒ እኩያ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳይበሻሸቁ አይለያዩም። የአደይ ዓይን ደም መስሏል።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ሽንኩርት» አለች አደይ፣ ፊቷን አዙራ።

ቤቱ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም። እሌኒ፣ አምባቸው በዚህ ደጅ በብስክሌት ባለፈ ቁጥር አደይ መስኮት ልታጸዳ የምትሮጥበትን ጊዜ አንስታ ልታበሽቃት አሰበችና፣ ሥራ ስላለባት ለመውጫዋ አቆየችው።

ወይዘሮ ሰገነት ማለት ለአንድ እስር ጎመን ገበያ የሚያስቆሙ ሴት ናቸው። ዶሮ ሊገዙ ሲወርዱ ሻጮቹ ከሩቅ አይተዋቸው ዶሯቸውን ጀርባቸው ይደብቃሉ። ባላቸው አቶ አስናቀ የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ ቼኮዝሎቫኪያ ሰልጥነው ሲመለሱ ክሪስታል በሣጥን በሣጥን አምጥተው፣ ይኸው የሳሎኑ ቡፌ ከላይ እስከ ታች ያብረቀርቃል። እሌኒ ያንን ቡፌ ባየች ቁጥር ጥፍሯን ይበላታል። ዛሬ ግን በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፤ ሴትየዋም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንድ እጃቸውን በሌላው ይዘዋል። «ዛሬ ደግሞ የማንን ብርጭቆ ልታዋርጂ መጣሽ?» ይሉኛል ብላ በመንገድ ላይ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ መልሱ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ምሳ በልተሻል?»

ዛሬ ባሕር ዳር በሙሉ ልጄ ይላታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ። የአባቴን ብርጭቆዎች ላሳይዎት ነው የመጣሁ» አለችና ነጠላውን ፈታች። የወይዘሮ ሰገነት ዓይን መጀመሪያ ያረፈው ነጠላው ላይ ነው፤ ጥለቱ የተቦጨቀ የእናቷ ነጠላ።

እሌኒ ሥራዋን ጀመረች። የመጀመሪያውን ወደ መጋረጃው ክፍተት ይዛ ቀስተ ደመናውን ግድግዳው ላይ ረጨችው። የሁለተኛውን ጠርዝ በጣታቸው እንዲዳስሱት አደረገች። ሦስተኛውን መታችው። የአራተኛውን እግር ሥር አገላብጣ፣ በዕድሜ ብዛት የተጫረውን ክብ አሳየች፤ «አዲስ ብርጭቆ እንዲህ ያለ ጭረት የለውም፣ ይሄ ስንት ጠረጴዛ ያየ ነው» አለች፣ የአባቷን ድምፅ በአባቷ ቃል። የአምስተኛውን ከንፈር ጣቷን አርሳ ስታዞርበት ከብርጭቆው ውስጥ ቀጭን ዜማ ተነሳ፣ ሳሎኑን ሞላው፤ ቡፌው ውስጥ ያሉትም የሚመልሱለት መሰለ። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ በግራ እጇ ወደ ላይ አንስታ፣ በቀኝ እጇ አምስተኛውን ደግማ መታችውና «ይኸው!» ብላ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው። ይህን ዘዴ በመንገድ ላይ ደጋግማ አጥንታዋለች።

ወይዘሮ ሰገነት እጃቸውን ዘረጉና ስድስተኛውን አነሱት። ጣታቸውን ከውሃው ጆግ አርሰው ከንፈሩ ላይ አዞሩ፤ አንዴ፣ ከዚያም እንደገና። ምንም። ሳሎኑ ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። መድኃኒቱ፣ አውቶቡሱ፣ የእናቷ ወገብ፣ ሁሉም በዚያች ጣት ሥር ይዞራል።

«እሱ ዓይን አፋር ነው» አለች ባንድ ትንፋሽ። «እንግዳ ፊት አይዘፍንም።»

ወይዘሮ ሰገነት አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ብርጭቆውን ከሌሎቹ ለየት አድርገው በቀስታ አስቀመጡት፤ እጃቸው ግን እግሩን ወዲያው አልለቀቀውም። «እናትሽ ምን እያደረገች ነው?»

«ስንቅ ታሰናዳለች። ነገ ማለዳ ጎንደር ልትሄድ ነው፣ አምባቸው ጋ። ገንዘቡም ለሱ መድኃኒት ነው።»

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው አደይ ወደ ጓዳው ገባች፤ ከማድ ቤት አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ወይዘሮ ሰገነት «ምን ሰበርሽ?» አላሉም። «ብቻዋን ናት እንዴ?» አሉ።

«አጎቴ ከዘጌ መጥተዋል።»

«ጥሩ። ሰው መኖሩ ጥሩ ነው። ዋጋው ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ አርባ ብር» አለች እሌኒ፤ ብላም ለጩኸቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወይዘሮ ሰገነት ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። ቆዩ። ሲመለሱ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል፤ በእጇ አስጨብጠው የእሷን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ለእናትሽ ስጪያት። ዛሬ የትም እንዳትዞሪ፣ አጠገቧ ሁኚ፤ እሽ?» አሉ። እሌኒ ዘንቢሏን ባዶውን አንጠልጥላ ወጣች። አደይን ለማብሸቅ እንኳ አልቆመችም፤ ሴትዮዋ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ መራቅ ነበረባት።

የሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ስትደርስ ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች። ሰገነትን! ገበያ አስቆሚዋን ሰገነትን! መቶ ሃምሳ ላይ ልታርፍ ተዘጋጅታ፣ ያለ አንዲት ቃል ክርክር ሙሉውን! ከዚህ ወዲያ እናቷ «ምላስሽ ያስበላሻል» ማለቷን ትተዋለች። ለአምባቸው እንዴት እንደሚነገረውም አሰበች። እናቷ ስለማትችልበት በቃሏ ታስጠናታለች፤ «ያ ድዳ ብርጭቆህ በክሪስታል ዋጋ ተሸጠ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ቡፌ ውስጥ ገብቶ ጌታ ሆነ» ትለዋለች። ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ትከሻው ሲነቃነቅ ታያት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው፣ በመጪው ገና የሚታጠብ ብርጭቆ እንደማይኖር ትዝ አላት። ነጩ ጨርቅ ይዘረጋል፤ የሚደረደርበት የለም። ጥፍሯን በጥርሷ መታ መታ አደረገችና ተነሳች። ዳር ላይ የዘጌ ሰዎች ታንኳዎች ቆመው ይደርቃሉ፤ የአጎቷን ለየችው፣ አጠገቡም የእናቷን ዘመዶች ታንኳ፣ ሌላም፣ ሌላም። የገበያ ቀን አይደለም። «የቡና ዋጋ መቼም ጣሪያ ነክቷል» አለች፤ ዋጋ ማወቅ ዛሬ ቀንቷታል።

ወደ ቤት ስትመለስ በክንዱ ሱቅ አለፈች፤ ልታናድደው። የጎንደር ብርድ ኃይለኛ ነው ሲሉ ሰምታለች፣ ካልሲም ያስፈልገዋል። «ክንዱ፣ አንድ እግር ካልሲ ትሸጣለህ? የወንድሜ አንዱ እግር በፋሻ ተጠቅልሏልና ሁለቱን ምን ያደርግለታል» አለችው። ጠዋት «ሆዱን ሽጪልኝ» ያለው ክንዱ ነው። ካልሲውን ከገመዱ አወረደ፣ ሁለቱን እግር አጣጥፎ በወረቀት ጠቀለለላት፤ የሰጠችውን ብርም ገፋላት። «ውሰጂው፣ እህቴ። ሂጂ በይ፣ ቤት ግቢ» አለና ዓይኑን ወደ ራዲዮኖቹ መለሰ። እሌኒ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ አየችው። ከክንዱ በነፃ የወሰደ ሰው ይህች ከተማ ከተቆረቆረች አልነበረም። ወሬዬ ቀድሞኛል ማለት ነው፣ አለች በልቧ፤ ሰገነትን እንዳሸነፍኋት ሰምቶ ፈርቶኛል።

ቤታቸው ሰው በዝቶበታል። የጎረቤት ሴቶች «ስንቁን እናግዝሽ» ብለው መጥተው፣ ስንቁ ካለቀ በኋላም አልሄዱም፤ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው እግራቸውን ያያሉ። አጎቷ ያንኑ በርጩማ አልለቀቁም። እሌኒ መሐረቡን በሰው ፊት፣ በሥርዓት፣ እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «ሁለት መቶ አርባ! ወይዘሮ ሰገነት! አንድም ቃል ሳይከራከሩ!»

እናትዓለም መሐረቡን አልፈታችውም። «ሰገነት?» አለች። «ሳትከራከር?»

«ቃል አልወጣቸውም!»

እናቷ ቀስ ብላ ወደ ታላቅ ወንድሟ ዞረች። ወንድሟ ባርኔጣቸውን ያያሉ። ከሴቶቹ አንዷ አሳለች፣ ሌላዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። እናትዓለም እጇን ወደ ኋላ ልካ የአልጋውን ጠርዝ ዳሰሰችና ተቀመጠች። ከዚያም አንድ ሰው የጠራት ይመስል ብድግ ብላ «ጨው! ለበሶው ጨው ረስቻለሁ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እሌኒ የምስጋናው መዘግየት አሳዝኗት፣ ካልሲውን ከስንቁ ከረጢት ውስጥ ሸጉጣ ወደ ደጅ ወጣች።

ጀንበሯ በሐይቁ በኩል ስታዘቀዝቅ አደይ መጣች፤ ያን አሮጌ ነጠላ አጣጥፋ ይዛ። «እትዬ መልሺላቸው ብለው ነው» አለች። ዓይኗ ከቅድሙ ይልቅ ብሷል።

«አሁንም ሽንኩርት ነው?»

አደይ ዝም አለች። ዝምታ ለእሌኒ ግብዣ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያደንቃት ሰው ስትፈልግ ውላ አጥታለች፤ የመጣው ይምጣ ብላ የአደይን ክንድ ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ሳበቻት።

«ስሚ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእመቤትሽ እንዳትነግሪ። ከስድስቱ አንዱ ተራ ብርጭቆ ነው፤ አምባቸው ከጎንደር የገዛው! ሸወድኋቸው! ያ ሁሉ ቡፌ፣ ያ ሁሉ ቼኮዝሎቫኪያ፤ ጆሮ ግን የላቸውም። ሁለት መቶ አርባ ስላቸው ‹ምነው› እንኳ አላሉ። ነገ እማ ስትነግረው አምባቸው ትከሻው እስኪወልቅ ነው የሚስቀው!»

«ተይ፣ እሌኒ» አለች አደይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን ልተው? አንቺ ሰሃን አጣቢ ምን ታውቂያለሽ! ብርጭቆ ከብርጭቆ ለይተሽ ታውቂያለሽ? ቆይ፣ አምባቸው ሲመጣ መስኮት ማጽዳትሽን ሁሉ ባልነግርልሽ!»

አደይ ነጠላውን ደረቷ ላይ ወረወረችባት።

«አንቺ ደንቆሮ! እትዬ ተራ መሆኑን ገና ስታነሺው ነው ያወቁት። እሳቸው ብርጭቆ መች አጡ? ለአምባቸው ለቅሶ ነው የሰጡሽ!»